ዱቄት የነካው እጅ

አንድ መሐንዲስ ነበረ። «መምህር፣ አንድ መሣሪያ ከመቶ ሁለቴ ቢሳሳት ምን ነውር አለው?» ብለህ ጠይቀኸኛልና በእሱ ታሪክ ልመልስልህ።

ይህ ሰው ለዳቦ ቤቶች የምትሆን ትንሽ ካሜራ ሠራ። ካሜራዋ ከሊጥ ማቡኪያው ማሽን በላይ ትሰቀላለች፤ የሰው እጅ ወደሚሽከረከረው ብረት ሲጠጋ አይታ ማሽኑን ታቆማለች። መልካም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን በውስጧ ያለችው ኮምፒውተር ደካማ ናት፤ ምስሉን አጥርታ እስክታሰላ ድረስ እጅ ይቆረጣል። ስለዚህ ስሌቱን በግምት እንድትሠራው ሊያደርግ አሰበ።

የትኛው ስሌት ቢቀር እንደማይጎዳ ግን አያውቅም። ገበሬ ዘር እንደሚመርጥ አደረገ። አንድ ሺህ ዓይነት ግምታዊ ስሌት በኮምፒውተር አዘጋጀ፤ ሁሉንም በእጅ ፎቶዎች ፈተነ፤ ፈጣኖቹንና ብዙ ያልተሳሳቱትን አስቀርቶ ሌሎቹን አጠፋ። የቀሩትን እርስ በርስ አዳቀለ፣ ጥቂት ለዋወጣቸው፣ ደግሞ ፈተናቸው። ይህን ብዙ መቶ ጊዜ ደጋገመ። በመጨረሻ አንድ አሸናፊ ወጣ፤ እጅግ ፈጣን፣ ከመቶ እጅ ዘጠና ስምንቱን የሚያይ።

ፎቶዎቹ የማን እጆች ነበሩ? የእሱና የቢሮ ባልደረቦቹ። የታጠቡ እጆች!

ካሜራዋን ሊሰቅል በሄደበት ዳቦ ቤት ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ ሊጥ አቡኪ ነበሩ።

«ልጄ፣ የእኛ እጅ ቀኑን ሙሉ ዱቄት ነው። ይህንንም ታየዋለች?» አሉት።

«እትዬ፣ ከመቶ ዘጠና ስምንቱን ታያለች» አላቸውና መሰላሉን ወጣ። የተጠየቀው ሌላ፣ የመለሰው ሌላ!

አላየችም። ለፍጥነት ሲባል ከተጣሉት ስሌቶች አንዱ ነጭን ከነጭ፣ ዱቄት የለበሰ እጅን ከሊጥ የሚለየው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ትርንጎ ጠርዝ ላይ የተጣበቀ ሊጥ ሊገፉ እጃቸውን ሰደዱ፤ ማሽኑ አልቆመም። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ሄዱ።

መሐንዲሱ የፈተናው ውጤት የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ መጣ። በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ቆሞ፣ «መሣሪያው እንከን የለበትም። የደረሰው ነገር ከተፈቀደው የስህተት መጠን አላለፈም» አለ። ማሽኑን አስነሥቶ ንጹሕ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ማሽኑ ቀጥ አለ። «አያችሁ?»

ወይዘሮ ትርንጎ እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ብድግ አሉ። በደህናው እጃቸው የሰውየውን እጅ ያዙና ዱቄት ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኑ ነከሩት። ማሽኑን መልሰው አስነሡ።

«አሁን አስገባ» አሉት።

የሚሽከረከረውን ብረት አየ። እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

«አስገባ እንጂ! ለእኔ ይበቃል ያልከው ላንተ አይበቃም?»

የዳቦ ቤቱ ባለቤት መሰላል አምጥቶ ካሜራዋን አወረዳት። መሐንዲሱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሥራውን እንደገና ጀመረ ይባላል፤ የሴትዮዋን ጣቶች ግን ማን ይመልሳቸው?

እንግዲህ አንተም ያው ሰውዬ ነህ። በግምት ማስላትህን አልነቅፍም፤ ደካማ መሣሪያ ሌላ ምን ያድርግ? ስሌቱን እንደ ዘር የሚመርጠው ኮምፒውተርም ክፋት አያውቅም፤ አንተ ያላሳየኸውን ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ ይጥለዋል። ያንተ ካሜራ አውቶቡስ ግንባር ላይ ሆና መንገድ የሚሻገረውን ሰው ልታይ ነው አይደል? ፎቶዎችህን ተመለከትኳቸው፤ ሁሉም የግቢያችን ተማሪዎች ናቸው፣ በጠራራ ፀሐይ። በክራንች የሚሄደው የታለ? ሸክም አዝላ ጎንበስ ያለችውስ? በዝናብ ፌስታል የተከናነበውስ? እነሱን ነው «ከመቶ ሁለት» እያልክ የምትጠራቸው!

ያን የመመረቂያ ወረቀት ከፊቴ አንሣው። መንገድ ዳር ወጥተህ ቁም፤ ካሜራህ የማታያቸው እነማን እንደሆኑ አንድ በአንድ እስክትነግረኝ ድረስ አልፈርምልህም።