የደጊቱ አውራ ጣት

ጠጋ በሉማ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። ወሬው የእኔ አይደለም፣ የአያቴ ነው፤ አያቴም ከአያቷ ነው የሰማችው። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ እዚህ ደጅ ያለው ዋርካ ገና ችግኝ ሳለ፣ ቀጨሞ በምትባል መንደር ደጊቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች።

ደጊቱ ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ያልወለደች ሴት ነበረች። እጇ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በቀጨሞ የእሷ እጅ ያልሠራው እንስራ አልነበረም። ዕቃዋን ሁሉም ይፈልገዋል፤ እሷን ግን ሸክላ ሠሪ ናት ብለው ከማኅበራቸው አያስቀምጧትም። የሚገርመው፣ አትቀየማቸውም ነበር። እንስራው ሲሰነጠቅ ወዴት እንደሚሮጡ ታውቃለቻ!

አንድ ዘመን ዝናብ ቀረ። በዓመቱም ቀረ። በሦስተኛው ዓመት ከምንጮቹ ሁሉ አንዲቷ ብቻ ተረፈች፤ እሷም ጠብ ጠብ ነው የምትለው። የመንደሩ ሹም ግራዝማች ይመኑ ሕዝቡን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ቤት በቀን አንድ እንስራ። ልብስ አይታጠብ። የሸክላ አፈር አይቦካ።»

ሕዝቡም «እኩል ተፈረደ» ብሎ መርቆ ተበተነ። የመጨረሻዋ ቃል ለአንዲት ሴት ብቻ እንደተነገረች ማንም ልብ አላለም። ደጊቱ ልብ ብላለች፤ እንጀራዋ ነዋ። ግን ለአፈር ከሚሆን ለጉሮሮ ይሁን ብላ እሺ አለች።

ሥራ ሲጠፋ ከምንጩ መንገድ ዳር ተቀምጣ ውሃ ቀጂውን ታይ ጀመር። ጎረቤቷ ዘርፌ አለፈች። ዘርፌ የአምስት ልጆች እናት ናት፤ እንስራዋ ግን የድሃ እንስራ፣ ትንሽዬ። ቀጥሎ የግራዝማች ይመኑ እንስራ መጣ። እሱን ሴት አታዝለውም፤ ሁለት ጎረምሶች በሳንቃ ተሸክመውት ነው የመጡት። ግራዝማች ለልጃቸው ሠርግ ያሠሩት ነበር። ደጊቱ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ አለቀሰች። ሁለቱንም የሠራቻቸው እሷ ናት።

ተነሥታ ግራዝማች ዘንድ ሄደች።

«ጌታዬ፣ እንስራ ሁሉ እኩል አይደለም» አለቻቸው።

«እንስራ እንስራ ነው» አሉ ግራዝማች። «አንቺ የሸክላውን እንጂ የፍርዱን ነገር ምን ታውቂያለሽ?»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳቁ። ደጊቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰበች። ሁሉም የሚሰፈርበት አንድ መስፈሪያ ያስፈልጋል፤ መስፈሪያውን ለመሥራት ደግሞ አፈር ይቦካል፤ አፈር ማቡካት ተከልክሏል። እንግዲያው ከምንጩ ሳይሆን ከራሷ ጉሮሮ ይሁን አለች። ከምትጠጣው ግማሹን አስቀረች። በነጋታውም አስቀረች። በሦስተኛውም ቀን አስቀረች። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። በዚያች ውሃ አፈሩን አቡክታ አንዲት ትንሽ ማሰሮ ሠራች፤ ከአንገቷ ሥር አውራ ጣቷን ተጭና ምልክት አደረገችባት። በፀሐይ አድርቃ በኩበት ተኮሰቻት።

የምንጩ ዘበኛ ጭሱን አይቶ ከነማሰሮዋ ሹሙ ፊት አቀረባት።

«የሰው ነፍስ ውሃ እየፈለገ አንቺ አፈር ታጠጫለሽ?» አሉ ግራዝማች። «ሦስት ቀን ምንጩ ዘንድ እንዳትደርሺ!»

ለተጠማ ሰው ሦስት ቀን ምን ማለት እንደሆነ እናንተ አታውቁትም፤ አትወቁት። በሁለተኛው ቀን ደጊቱ መነሳት አቃታት። ያን ጊዜ የዘርፌ ልጆች አንድ በአንድ ገቡ። ትልቋ አንድ ጉንጭ አመጣች። ተከታይዋም አንድ ጉንጭ። እንዲያ እያለ እስከ ትንሹ ድረስ፤ ትንሹማ በመንገድ ግማሹን አፍስሶት ነበር። አምስቱ ልጆች በየቀኑ ከድርሻቸው እየቀነሱ አቆዩዋት።

በአራተኛው ቀን ደጊቱ ማሰሮዋን ይዛ በዘርፌ ተደግፋ ምንጩ ዘንድ ደረሰች። ሹሙም ወሬ ሰምተው በበቅሎ መጥተዋል። ደጊቱ በዚያች ማሰሮ የዘርፌን እንስራ ትሞላ ጀመር፤ ሕዝቡም ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በስምንት ሞላ። ስድስት ነፍስ የሚያድርበት ስምንት ማሰሮ።

ወደ ሹሙ እንስራ ዞረች። ሕዝቡ ይቆጥራል። አሥር። ሃያ። ከሃያ በኋላ ድምፁ ቀነሰ። በሠላሳ ሕዝቡ አንገቱን ደፋ። በአርባም አልሞላ። በሹሙ ቤት ያሉት አራት ሰዎች ናቸው።

ግራዝማች ይመኑ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ውሃ ቀድተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ከበቅሏቸው ወረዱ።

«እንግዲያ እንዴት ይሰፈር?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«በሰው ቁጥር፣ በዚችው ማሰሮ።»

«ለእኔስ?»

«እርስዎም አንድ ሰው ነዎት፣ ጌታዬ።»

«በቅሎዬስ?»

«ከእርስዎ ድርሻ ያካፍሏታላ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ግራዝማችም እፍረታቸውን በሳቅ ዋጡት፤ ከዚያ እንስራቸውን ትተው ከሰልፉ ጫፍ፣ ከሁሉ ኋላ ሄደው ቆሙ። ዝናብ እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ የሚቆሙት እዚያው ጫፍ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሹሙ ያንን ትልቅ እንስራ አስይዘው ደጊቱ ደጅ መጡና «ስበሪልኝ» አሏት። ሰበረችው። ገሉን አድቅቃ ከአዲስ አፈር ጋር አቡክታ ለየቤቱ አንድ አንድ ማሰሮ ሠራች፤ ሁሉም ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። በዚያው ዓመት ማኅበሩ ደጊቱን አስገባ። ጽዋውን መጀመሪያ የቀመሰችው እሷ ናት ይባላል፤ እኔ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቀጨሞ ውስጥ ሴት ልጅ ስትዳር አውራ ጣት ያረፈባት ማሰሮ ይዛ ነው የምትወጣው። ውሃ ሲጠፋ በዚያች ማሰሮ ይሰፈራል፤ ደንቡን ያወጣው ሰው ከሁሉ በኋላ ይቀዳል። ባለፈው በጋ ቦኖው በተራ ሲሆን የቀበሌው ሊቀመንበር ሦስት ጀሪካን ይዞ ፊት ለመቆም መጥቶ ነበር። አንዲት አሮጊት ማሰሯቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው እፊቱ አስቀመጡለት። ጣቱን በምልክቷ ላይ አሳረፈና፣ ጀሪካኖቹን አንስቶ ወደ ሰልፉ ጫፍ ሄደ።