ቀፎ ሰቃዩና የጉሬዛዎቹ መሻገሪያ

አንድ ቀፎ ሰቃይ ነበር፤ ኮጪቶ ይባላል። የሚኖረው ዝናብ በማይለየው አገር፣ ከትልቅ ደን በተረፈች ቁራሽ ጫካ ዳር ነበር። ደኑ ድሮ አንድ ነበር። በኋላ መሀሉ ታርሶ በቆሎ ሲዘራበት ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ጫካ ከኮጪቶ ቤት ጀርባ ቀረ፤ ሌላው ከእርሻው ማዶ። እርሻው የወይዘሮ ብርቄ ነው።

ኮጪቶ ጫካውን ይወዳል። ዛፍ ሲቆረጥ ያየ ቀን እህል አይቀምስም። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ጉሬዛዎቹን ነው። ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሲሰቅል ከበላዩ ተቀምጠው ያዩታል፤ እሱም እንደ ጎረቤት «እንዴት አደራችሁ?» ይላቸዋል። የመንደሩ ሰው «እንዳንተ ያለ የጫካ ጠባቂ የለም» እያለ ያሞግሰው ነበር። ሙገሳ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ?

አንድ በጋ ማዶ ባለው ጫካ ማር ሲቆረጥ የችቦ ፍንጣሪ ወድቆ ጥቂት ዛፎች አቃጠለ። ኮጪቶ ክፉኛ ደነገጠ። በወይዘሮ ብርቄ እርሻ መሀል፣ ቅርንጫፋቸው ሁለቱን ጫካዎች የሚያገናኝ ሦስት ትልልቅ ዛፎች ነበሩ። እሳት በእነሱ በኩል እንዳይሻገር ልቁረጣቸው ብሎ ወይዘሮ ብርቄን ለመናቸው።

«ምን አደረጉህ? ጥላቸው ሥር አርፋለሁ» አሉት።

ሦስት ቀን ደጅ ጠናቸው፤ ሲሰለቻቸው እሺ አሉ። ዛፎቹን ቆረጠ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጫካም ዙሪያውን በእሾህ አጠረና እፎይ ብሎ ተቀመጠ።

ሁለት ዓመት አለፈ። በእሱ ጫካ ያለው የጉሬዛዎቹ አውራ አርጅቶ ሞተ፤ አራት ሴቶች ብቻ ቀሩ። ግልገል የሚባል ነገር ጠፋ። ኮጪቶ በሽታ የገባ መስሎት ተጨነቀ። አንድ ቀን ከቀፎው ዛፍ ላይ ሆኖ ወደ ማዶ ሲያይ፣ አንድ ጎረምሳ ጉሬዛ እስከ መጨረሻው ዛፍ ድረስ መጥቶ ወዲህ እየተመለከተ ይጮኻል። ሴቶቹም ይሰሙታል። ጉሬዛ ከዛፍ ወርዶ ሜዳ ማቋረጥ ይፈራል፤ እርሻው ላይ ደግሞ የመንደሩ ውሾች አሉ። ጎረምሳው ሲጮኽ ቆይቶ ተመለሰ።

ኮጪቶ ያኔ ገባው። አፈረ። አንገቱን ደፍቶ ወይዘሮ ብርቄ ዘንድ ሄደ።

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ።»

«የትኛውን ጥፋት ልትነግረኝ ነው?»

«ዛፎቹን። እሳት እንዳይሻገር ብዬ የጉሬዛዎቹን መንገድ ቆረጥኩ። አሁን ዘር ሳይተኩ ሊያልቁ ነው።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ! ልጄ፣ አጥር የሚከለክለው ሌባ ብቻ መሰለህ? አማችንም ይከለክላል።»

«እሺ ምን ላድርግ? ችግኝ ብተክል እስኪያድግ እነሱ የሉም።»

«ቀፎ ዛፍ ላይ የምታወጣው በምንድን ነው?»

«በሐረግ ገመድ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ወይዘሮ ብርቄ ከእርሻቸው ከጫካ እስከ ጫካ የሚደርስ አሥር ክንድ ስፋት ያለው መሬት ለቀቁለት። ኮጪቶ ችግኝ ተከለበት። በችግኞቹ መሀል ረጃጅም ግንዶች አቆመና፣ ከአንዱ ጫካ እስከ ሌላው ድረስ ወፍራም የሐረግ ገመድ ዘረጋ። መንደርተኛው ሳቀበት። «ኮጪቶ ለዝንጀሮ ድልድይ ሠራ» እያሉ ገበያ ላይ ተጫወቱበት። አርባ ቀን ሙሉ አንድም ጉሬዛ ገመዱን አልነካም። ኮጪቶ ከሳ።

በአርባ አንደኛው ቀን ወይዘሮ ብርቄ በቆሎ ሲያርሙ ከላያቸው ገመዱ ተወዛወዘ። ቀና አሉ። ጎረምሳው ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ፣ አንዴ እየቆመ አንዴ እየፈጠነ ይሻገራል። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እስኪያልፍ ጠበቁ። ከዚያ ድምፃቸው መንደሩን አናወጠው፦

«ኮጪቶ! ና ውጣ! አማችህ መጣ!»

ኮጪቶ እየሮጠ መጣ። ጉሬዛውን ከአራቱ ሴቶች ጋር አንድ ዛፍ ላይ ተቀምጦ አየው። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ የሁለት ዓመት ሸክም ነው ከትከሻው የወረደለት። በዓመቱ ከሴቶቹ አንዷ ግልገል ወለደች። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ኮጪቶ አይቶት አይጠግብም ነበር። ያን ሰሞን የእሾህ አጥሩን በገዛ እጁ አፈረሰ።

ወዳጆቼ፣ ቁራሽ ጫካ ብቻዋን ብትጠበቅም ቀስ በቀስ ትሞታለች፤ የሚያኖራት ከሌላዋ ጋር የሚያገናኛት መንገድ ነው። ሰውም እንደዚሁ ነው። ኮጪቶን ያሳሳተው ፍቅር ማጣት አልነበረም፤ አብዝቶ መፍራት ነበር። ያዳነው ደግሞ አጥፍቻለሁ ማለት መቻሉ ነው። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ እንዳይጎዱብን ብለን የከለልናቸው ልጆቻችን፣ ወዳጆቻችን፣ ከእኛ ሌላ ወደ ማን መሻገሪያ አላቸው?