የእማማ ደብሪቱ ምድጃና የረጋው ቀለም

ተረት ልጀምር ነው፤ በሩን ዝጉት፣ ብርድ ይገባል።

ውርጭ አምባ በሚባል አገር እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞቅ ያለ ቤት። ልጃቸው ስንዱ እሳቸው ዘንድ መጥታ ልትወልድ ነው። ከስንዱ በፊት አንድ ሕፃን በዚያው ቤት ብርድ ነጥቋቸዋል። ይህን ለማንም አይናገሩም፤ ግን ፈርተዋል።

መንግሥት ደግሞ፣ ተመስገን ነው፣ ቤቱን በእበት ጋዝ ለሚያሞቅ ሰው ድጋፍ እሰጣለሁ ብሏል። አዳራሽ ጠርቶ፣ አስጨብጭቦ፣ አንድ የሚያምር ምድጃ አስረከባቸው። ፎቶም አነሳቸው። የቀረው «በሂደት» ነው ተባሉ።

እማማ ደብሪቱ ምድጃውን ቤት አግብተው «እንግዲህ ንደድ» አሉት። ምድጃው «ጋዝ ካልመጣልኝ አልነድም» አለ።

ወደ እበቱ ክምር ሄዱ። «ጋዝ ሆይ፣ ና! ምድጃው አልነድም አለ፤ ቤቴ ቀዝቅዟል፤ ስንዱ ልትመጣ ነው።» ጋዙ ከክምሩ ውስጥ ሆኖ «ጉድጓድ ካልተገነባልኝ አልመጣም» አለ።

ወደ ግንበኛው ወደ ዳምጠው ሄዱ። «ዳምጠው ልጄ፣ ጉድጓድ ገንባልኝ! ጋዙ አልመጣም አለ፤ ምድጃው አልነድም አለ፤ ቤቴ ቀዝቅዟል፤ ስንዱ ልትመጣ ነው።»

«እማማ፣ በአፍ ታዝዤ የቆፈርኩት ጉድጓድ ሁሉ ዛሬ ዶሮ ነው የሚገባበት። ደብዳቤ ካላየሁ አካፋ አልነካም» አላቸው።

ወደ ኢነርጂ ባለሙያዋ ወደ ብርቄ ሄዱ። «ብርቄዬ፣ ደብዳቤ ስጪኝ! ዳምጠው አካፋ አልነካም አለ፤ ጋዙ አልመጣም አለ፤ ምድጃው አልነድም አለ፤ ቤቴ ቀዝቅዟል፤ ስንዱ ልትመጣ ነው።»

«ውይ እማማ፣ ደብዳቤውማ ከተጻፈ ስንት ጊዜው! የቀበሌ ማኅተም ካላረፈበት ግን አልሰጥም» አለች።

ወደ ሊቀመንበሩ ወደ እንግዳወርቅ ሄዱ። ሁለት ካፖርት ደርቦ ተቀምጧል። «እንግዳወርቅ፣ ማኅተም ምታልኝ! ብርቄ ደብዳቤ አልሰጥም አለች፤ ዳምጠው አካፋ አልነካም አለ፤ ጋዙ አልመጣም አለ፤ ምድጃው አልነድም አለ፤ ቤቴ ቀዝቅዟል፤ ስንዱ ልትመጣ ነው።»

«እኔ እምቢ አላልኩም፣ እማማ። ቀለሙ ነው እምቢ ያለው። በብርዱ ረግቶ ድንጋይ ሆኗል። ፀሐይ እስክትወጣ ይታገሱ።»

«መቼ ነው የምትወጣው?»

«እሱ እንኳ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ የዞን ጉዳይ ነው።»

እማማ ደብሪቱ ወደ ቀለሙ ቆርቆሮ ጎንበስ አሉ። «ቀለም ሆይ፣ ቅለጥ! ማኅተሙ አልተመታም፤ ብርቄ ደብዳቤ አልሰጥም አለች፤ ዳምጠው አካፋ አልነካም አለ፤ ጋዙ አልመጣም አለ፤ ምድጃው አልነድም አለ፤ ቤቴ ቀዝቅዟል፤ ስንዱ ልትመጣ ነው።»

ቀለሙ «ካልሞቀኝ አልቀልጥም» አለ።

እማማ ደብሪቱ ተናደዱ። አገሩን ዞረው ሙቀት ሲለምኑ ውለው፣ የመጨረሻው መልሶ ሙቀት ለመናቸው! ቆርቆሮውን ብድግ አድርገው ከጋቢያቸው ሥር፣ ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«ኧረ እማማ፣ የመንግሥት ንብረት ነው!»

«ዝም በል! አንተንም እናትህ ገበያ ስትሄድ እዚሁ አቅፌ ነው ያሞቅኩህ።»

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ አንዱን ካፖርት አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸው።

ቀለሙ ቀለጠ። ቀለሙ ቢቀልጥ ማኅተሙ ተመታ፤ ማኅተሙ ቢመታ ብርቄ ደብዳቤ ሰጠች፤ ደብዳቤው ቢሰጥ ዳምጠው አካፋ አነሳ፤ ጉድጓዱ ቢገነባ ጋዙ መጣ፤ ጋዙ ቢመጣ ምድጃው ነደደ፤ ምድጃው ቢነድ ቤቱ ሞቀ። ስንዱ መጣች፤ ሴት ልጅም ወለደች።

አሁን ሊቀመንበሩ ጠዋት ጠዋት የቀለሙን ቆርቆሮ ይዞ ወደ እማማ ደብሪቱ ምድጃ ይመጣል።

«ተራህን ጠብቅ» ይሉታል። «መጀመሪያ የልጅቷ እግር ይሙቅ።»

ተረቴ አለቀ። ስትወጡ በሩን ዝጉት፤ ሕፃን ተኝታለች።