እመቤታችን በእርጥቡ አጎዛ ላይ እንደ ተቀመጠች

የአምላክ እናት አማላጅነቷ በምትሰሙኝ ሁሉ ላይ ይደርና፥ እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። አመተ ጽዮን የምትባል አንዲት ሴት ነበረች፤ የእመቤታችንን ሰላምታ ሳታደርስ እህል ውኃ አትቀምስም፥ ለመቅደሱም መጋረጃ በየዕለቱ አንድ እንዝርት ጥጥ ልትፈትል ተስላ ነበር።

ከዚያም ፀነሰችና ምጧ አራት ቀን ጸናባት፤ አዋላጆቹም ወንድ ሕፃኑን በእጅ ስበው ቢያወጡት ሞቶ ተገኘ። እርሷ ተረፈች፤ ነገር ግን ምጡ ገላዋን ጎድቶት ኖሮ ከዚያ ወዲህ ሽንቷ ሳይታወቃት ቀንም ሌሊትም ይፈስስ ጀመር። አይ የሰው ነገር! አርባ ቀኗ ሞልቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ብትመጣ ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው «አንቺ እኮ ገና አራስ ነሽ፤ ሳትደርቂ አርባሽ አይሞላም» አሏት፤ የደብሩ አለቃ መምሬ ዘወንጌልም ሰምተው ዝም አሉ። እርሷም እውነት መሰላትና ሰባት ዓመት ሙሉ ከቅጽሩ ውጭ ቆመች፤ ስእለቷን ባትተውም የፈተለችውን «እጄ አርክሶታል» እያለች ለማንም ሳትሰጥ በቅርጫት ታኖረው ነበር። ወይ ግፍ!

በወርኃ ጽጌ አንድ ቀን ቅዳሴ ሲቀደስ፥ ከቅጽሩ ውጭ ካለ ወይራ ሥር በእርጥብ አጎዛዋ ላይ ሆና ስትፈትል፥ እንቅልፍም ንቃትም የማይሉት ነገር መጣባት፤ የካህናቱ ዜማ ከምድር በታች የሚመጣ መሰላት፥ የወይራው ቅጠልም ሁሉ ነጭ ሆነ፥ ነፋስ ሳይኖርም ፈትሉ ከቅርጫቱ እየተነሣ በአየር ላይ ቆመ። ያን ጊዜ አንዲት ሴት ጸዳል ተጎናጽፋ መጣችና አጠገቧ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

አመተ ጽዮንም ደንግጣ «ኧረ አይሆንም እመቤቴ! እርጥብ ነው፥ ልብስሽ ይበላሻል» አለቻት። እመቤታችን ግን ተቀመጠችና እንዝርቱን ከእጇ ተቀብላ እየፈተለች «እኔም በመቅደስ ሳለሁ እፈትል ነበር፤ ልጄ፥ ይህ ቁስል ነው እንጂ ርኩሰት አይደለም፤ አርባሽ ከሞላ ሰባት ዓመት ሆነው» አለቻት፤ ከዚያም እጇን በሆዷ ላይ አኖረች።

አመተ ጽዮን ስትነቃ ልብሷም ገላዋም ደርቆ ነበር፤ እርሷ ግን ያለቀሰችው ስለ መዳኗ ብቻ አልነበረም፥ ሰው የሸሻትን እርሷን ንግሥቲቱ ስላልተጸየፈቻት ነው እንጂ። ከዚያም ተነሥታ የፈትሉን ቅርጫት ይዛ በሴቶቹ መካከል አልፋ ገባችና የሆነውን ሁሉ ለመምሬ ዘወንጌል ነገረቻቸው። እርሳቸውም ዝምታቸው ትዝ ቢላቸው በሕዝቡ ፊት ከእግሯ ሥር ወድቀው «ልጄ፥ ፍቺኝ» አሏት። እርሷም እያለቀሰች «እግዚአብሔር ይፍታዎ፥ አባቴ» አለች፤ ሕዝቡም ሁሉ እልል አለ።

እመቤታችን በምጥ ያሉትን በሰላም ትገላግልልን፤ እኛ በደጅ ያስቀረናቸው እኅቶቻችንም ይቅር ይበሉን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።