የአያ ቢያድግልኝ ስልቻ

ሎሚ ያለባትን ተረት የማያውቅ የለም። ዕቁብ ላይ ትነገራለች፣ ስብሰባ ላይ ትነገራለች፣ መዋጮ ሊጠየቅ ሲል ደግሞ መጀመሪያ የምትመዘዘው እሷ ናት። ግን ሎሚው የማን ነበር፣ ማንስ ነበር የተሸከመው ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ከኋላዋ አንድ ትልቅ ስልቻና አንድ እልኸኛ ሰውዬ አሉ። እንዲህ ነው የሚወራው።

ሰውዬው ቢያድግልኝ ይባላል፣ የመንደሩ ልጆች አያ ቢያድግልኝ ነው የሚሉት። አጋም በር የምትባል መንደር ሰው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ «አልችልም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ። አጋም በር ላይ ደግሞ አንድ ወግ አለ። የመንደሩ ወንድ ልጅ ሲያገባ፣ ከሚዜዎቹ ቀድመው ሙሽራዋ ቤት የሚደርሱት ልጆች ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከጓሮው አንድ አንድ ሎሚ ይዞ ይሄዳል። ሙሽራዋ ተሸፋፍና በበቅሎ ስትመጣ፣ ሙቀቱና አቧራው ራሷን እንዳያዞራት ሎሚውን እያሸተተች ነው የምትመጣው። የተረፈውን አጃቢው ይካፈለዋል። ሎሚ ሳይዙ መድረስ ግን ጉድ ነው። «የአጋም በር ሰው ባዶ እጁን መጣ» ከተባለ ያቺ ሙሽራ አርጅታም ትሰማዋለች።

ልጆቹን የሚመራው ሰው ዘንግ ይይዛል። ዘንጉን የቢያድግልኝ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘውት ኖሩ፣ ሲሞቱ ለሱ ተላለፈ። ይሄ የምናወራው ሰርግ እሱ ልጆቹን ሲመራ የመጀመሪያው ነው። ዘንጉ ደግሞ ከሁለቱም በሬዎቹ ይበልጥበታል።

ጠዋት ልጆቹ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ሃምሳ ልጅ፣ ሃምሳ ሎሚ። እናቶቻቸው አሰናድተዋቸዋል። አንዱ በኩታው ጫፍ ቋጥሮታል፣ አንዷ በትንሽ ሙዳይ አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፣ ሌላው አፉ ሰፋ ያለ ቅል ውስጥ ከቶታል። ጥጋቡ የሚባለው ልጅ ምንም ስላልተገኘለት ቆቡ ውስጥ አስገብቶ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶታል፤ ቀንድ ሊያበቅል የደረሰ ወይፈን ነው የሚመስለው።

አያ ቢያድግልኝ አያቸውና ሳቀ።

«ይሄ ሁሉ ጓዝ ምንድነው? እንዲህ ያለ ትንሽ ልጅ ይሄን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል? ወዲህ በሉት፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

የሙሽራው አክስት እትዬ አዝመራ ከሴቶቹ ጋር ቀድማ ልትሄድ በቅሎ ላይ እየወጣች ነበር። ሰማችው።

«ተው ቢያድግልኝ። አባትህ እንዲህ አያደርጉም ነበር።»

«አባቴ አርጅተው ነበራ። እኔ ሁለት ስልቻ ጤፍ ደርቤ ገበያ ስወጣ አላየሽም?»

«ጤፍ ሌላ፣ ሎሚ ሌላ።»

«እንወራረድ። ልጆቹ እጃቸውን እያወናጨፉ ይገባሉ፣ ሎሚው በኔ ጀርባ ይገባል። እዚያ ስንደርስ ሎሚ የያዘ አንድ ልጅ ብታዪ፣ ዘንጉን ውሰጂው።»

«ዘንጉን?»

«ዘንጉን።»

«ምስክሬ ይሄ ሁሉ ልጅ ነው» አለችና በቅሎዋን ነካ አድርጋ ሄደች።

ስልቻው የአባቱ ነው፣ ትልቅ፣ ግን የደረቀ። ልጆቹ እየተሰለፉ ሎሚያቸውን ከተቱ። ማንም ደስ ያለው አይመስልም። የሁሉም ትንሽ የሆነችው፣ የዝና የምትባለው ልጅ፣ ልትሰጠው እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

«አያ ቢያድግልኝ፣ የኔ ቅጠል አላት።»

«አየኋት።»

«ከላይ አድርጋት።»

«እሺ፣ ከላይ ናት» አላትና ከሥር ከተታት።

መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር። እንዲያውም ያፏጭ ነበር። ሜዳው አልቆ ዳገቱ ሲጀምር ግን ነገር መጣ። ጤፍ ጀርባ ላይ ይተኛል፣ ሎሚ አይተኛም። አንዱ ጎድኑን ይጎሽመዋል፣ አንዱ አከርካሪው ላይ ይንከባለላል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ሲል ሁሉም ተስማምተው ወደ ቀኝ ይሄዱና ገፍትረው ሊጥሉት ይደርሳሉ።

እሱ እንኳ ይቻላል። የማይቻለው ልጆቹ ናቸው። እጁ ባዶ የሆነ ልጅ ለእጁ ሥራ አያጣም። ድንጋይ መወራወር ጀመሩ። ጥጋቡ አንዱን በቆቡ መታው፣ ያኛው ነከሰው። ሦስቱ አጋም ሊለቅሙ ጥሻ ገብተው እሾህ ይዟቸው እዬዬ አሉ። የተራመደውም «ደከመኝ» ይላል፤ ምን ተሸክሞ እንደደከመው እንጃ።

«አያ ቢያድግልኝ፣ እዘለኝ።»

«በምኔ ላይ ልዘልህ? ጀርባዬን አታየውም?»

«በትከሻህ።»

በትከሻው አደረገው። ትንሽ እንደሄደ ሌላው እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ከኋላ ደግሞ የዝና የስልቻውን ጫፍ ይዛ ትጎትታለች።

«ሎሚዬ አሁንም ከላይ ናት?»

«ከላይ ናት አልኩሽ።»

«እስቲ ላሽትታት።»

«ስንደርስ።»

ፀሐይዋ እየበረታች ሄደች። ከታች፣ ከሜዳው፣ የሚዜዎቹ ጥሩምባ ተሰማ። አያ ቢያድግልኝ ደነገጠ። ሚዜዎቹ ቀድመው ከደረሱ የልጆቹ መምጣት ትርጉም የለውም። ትከሻው ላይ ያለውን ልጅ አወረደና ስልቻውን መሬት ለመሬት እየጎተተ ይፈጥን ጀመር። የዳገቱ ጫፍ ላይ ሊደርስ ሲል አንድ ሹል ድንጋይ ያዘበት። እልኸኛ አይደል፣ ሳብ አደረገው። የስልቻው ሆድ ተተረተረ።

ሎሚው እየነጠረ ቁልቁል ወረደ። መንገዱ ቢጫ በቢጫ ሆነ። ልጆቹ መጀመሪያ ሎሚውን፣ ከዚያ እሱን አዩት።

«ማንም እንዳይነካ» አለ። ራሱ አንድ ሁለት ለቀመና በእቅፉ ያዘ፤ ሦስተኛውን ሲያነሳ ሁለቱ አመለጡት። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ልጆቹ ካነሱለት ዘንጉ ሄደ፣ አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የያዙት ዘንግ። ካላነሱለት ደግሞ ሙሽራዋ ያለ ሎሚ ልትወጣ ነው፣ አጋም በርም ስሟ ሊጠፋ ነው። ጥሩምባው ደግሞ አይጠብቀውም፣ እየቀረበ ነው።

ቀና ብሎ አላያቸውም። «ልቀሙት» አለ። «ሁላችሁም የየራሳችሁን ልቀሙ።»

ልጆቹ እንደ ጎርፍ ወረዱ። ስንት ጊዜ «ደከመኝ» ያለው ልጅ ሁሉንም ቀድሞ ነው ታች የደረሰው። የዝና ቅጠሏን ከሩቅ አየቻትና ሮጣ አንገቷ ሥር ሸጎጠቻት። ኩታ ያለው ቋጠረ፣ ሙዳይ ያላት ከደነች። ሁለት ወንድማማቾች ሰርዶ ነቅለው ጎነጎኑና ሎሚያቸውን እንደ ደወል አንጠለጠሉት። አንዱ ልጅ ምንም አልነበረውም፣ በሁለት እጁ ብቻ ይዞ አፍንጫው ላይ እንደለጠፈ ነው የሄደው። ጥጋቡም ቀንዱን መልሶ አበቀለ።

ከዚያ በኋላ እዘለኝ ያለ የለም። ድንጋይ የሚወረውርበት እጅ ያለውም የለም። አንዷ ዘፈን አነሳች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። አያ ቢያድግልኝ ባዶውን ስልቻ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው። ጀርባው ቀሎታል፣ ልቡ ግን እንደ ድንጋይ ከብዶታል።

የሙሽራዋ አያት አባ ድልነሳው ዓይናቸው ደክሟል። አጥሩ በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ይሄ ምንድነው የሚሸተኝ?» አሉ። ልጆቹ ገና ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ናቸው።

እትዬ አዝመራ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ሃምሳውንም ልጅ ሎሚያቸውን እንደያዙ አየቻቸው። አያ ቢያድግልኝ እስክትጠይቀው አልጠበቀም፤ ዘንጉን በሁለት እጁ አቀረበላት።

«ተረትቻለሁ።»

«በምን ተረታ?» አሉ አባ ድልነሳው።

«ሁሉንም ብቻዬን እሸከማለሁ ብዬ ነበር አባ። አቃተኝ።» ይቺን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነው። «ስልቻውም ተቀደደ፣ ልጆቹ ናቸው ያመጡት።»

የዝና ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለችና ሎሚዋን አፍንጫቸው ሥር ያዘችላቸው።

«የኔ ቅጠል አላት» አለች።

«ትሸታለችም» አሉ። ወደ አያ ቢያድግልኝ ዞሩ። «ስልቻ ውስጥ ሳሉስ እንዲህ ይሸቱ ነበር?»

«የሸተተኝ የራሴ ላብ ነው።»

እትዬ አዝመራ ሳቋ አመለጣት። ዘንጉን ተቀብላ ትንሽ ያዘችውና መልሳ እጁ ላይ አደረገችው።

«ዘንጉን ላለማጣት ብለህ ሎሚውን እዚያው ትተኸው ብትመጣ ኖሮ እወስደው ነበር» አለችው። «አሁን ልጆቹን አስገባ፣ ሚዜዎቹ ደርሰዋል።»

ልጆቹ እየዘፈኑ ሎሚያቸውን ከፍ አድርገው ገቡ፣ ግቢው በአንዴ ታወደ፣ የሙሽራዋም ዘመዶች «እንዲህ ያማረባቸው ልጆች ከየት መጡ?» ተባባሉ። አባ ድልነሳውም የዝናን እጅ በአንድ እጃቸው፣ ከአያ ቢያድግልኝ የተቀበሉትን የተቀደደ ስልቻ በሌላው እጃቸው እንደያዙ እንዲህ አሉ፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።»