አንዲት ቃል ብቻ የሚያውቀው ዝይ

ተረት ላወራችሁ ነው፤ ጆሯችሁን አውሱኝ። ያንቀላፋ ካለ ጎኑ ያለው ይጎሽመው!

ድሮ፣ ድሮ፣ እንስራም ውሻም ታንኳም እንደ ሰው ያወሩ በነበረ ጊዜ፣ በጣና ሐይቅ ዳር እንጉዳይ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ደምለው ይባላል፤ ዓሣ አጥማጅ ነው። የባሏ አባት አጋፋሪ እንደሻው ይባላሉ፤ በወጣትነታቸው በትልቅ ሰው ግብር ላይ እንግዳውን እንደየማዕረጉ ሲያስቀምጡ የኖሩ፣ አንቱታ የጎደለበት ሰላምታ ሦስት ቀን የሚያስኮርፋቸው ሰው ናቸው። እንጉዳይ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ደግሞ አንዲት ሕፃን ልጅ አለቻት፤ ስሟ ትርንጎ ነው።

ትርንጎ አፏን ገና አልፈታችም። እግር ግን በዚያው ሰሞን አውጥታለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትራመድና ዱብ! ትነሳና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ዱብ! አቤት የእንጉዳይ ደስታ! «እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!» እያለች ታጨበጭባለች። ደስታዋን የሚያደፈርስባት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከበሯ ወደ ሐይቁ የምትወርድ አንዲት ቀጭን መንገድ አለች፤ ግራዋም ደንገል ነው፣ ቀኟም ደንገል ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። የትርንጎ እግር ታዲያ የሚቀናው ሁልጊዜ ወደዚያች መንገድ ነው።

አንድ ቀን ጧት ሰማዩ «ሿ!» አለ። ሁለት ትልልቅ የዱር ዝዮች መጡ። ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ ነጠላ የሚያህል። ከመንገዷ ጥግ አረፉ። ሴቷ ዝይ ሣሩን ደለደለች፣ እንቁላሏን ጣለች፣ ታቀፈች። ወንዱ ዝይ ዘብ ቆመ። በክንፉ መታጠፊያ ላይ እንደ እሾህ የሾለ አጥንት አለው፤ የቀመሰው ሰው ይመሰክራል።

እነዚህ ዝዮች ከሩቅ የመጡ እንግዶች ስለነበሩ የሰው ቋንቋ አያውቁም። ወንዱ ብቻ አንዲት ቃል ያውቃል። አንዲት! እሷም «ሽሽ» ናት።

መጀመሪያ ወደ ዝዮቹ የሄደው ውሻው ነው። ስሙ አይበገሬ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ደምለው ነው እንጂ እሱ ለምኖ አይደለም። አፍንጫውን አስቀድሞ እያሸተተ ጠጋ አለ። ወንዱ ዝይ አንገቱን ዘረጋ፣ ክንፉን ከፈተ።

«ሽሽ!»

አይበገሬ አንድ ጊዜ ሰማ፤ አንድ ጊዜ ሸሸ። የቆመው አልጋ ሥር ከገባ በኋላ ነው።

«እመቤቴ፣ ሽሽ አለኝ፤ ሸሸሁ!» አለ ከአልጋው ሥር።

«አይ አይበገሬ! አጥንት የምጥልልህ ለዚህ ነው?» አለች እንጉዳይ። ቤተሰቡ በሙሉ ሳቀበት።

ቀጥላ እንጉዳይ እንስራዋን አዝላ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ወንዱ ዝይ አንገቱን ዘረጋ፣ ክንፉን ከፈተ።

«ሽሽ!»

«እመቤቴ፣» አለ እንስራው ከጀርባዋ ላይ፣ «ሽሽ እያለ ነው፤ እንመለስ። እኔ ሸክላ ነኝ።»

«አትፍራ፣» አለች እንጉዳይ። «ለኔ ቢሆን ‹ሽሺ› ይል ነበር። ‹ሽሽ› የሚባለው ለወንድ ነው። እኔን አይመለከትም።»

«ሽሽ!» አለ ዝዩ።

«ለወንድ ነው፣» አለች እንጉዳይ። አንድ እርምጃ ሄደች።

«ሽሽ!»

«ኧረ ለወንድ ነው አልኩ!» ሁለተኛ እርምጃ ሄደች።

ጧ! ክንፉ ባቷን ሲላት እንጉዳይ በአፍጢሟ ተደፋች። እንስራው «ወይኔ ሸክላው!» አለ፤ ከዚያ በኋላ ገል እንጂ እንስራ ስላልነበረ ሌላ አልተናገረም።

በደጃቸው ካለው ዋርካ ግንድ ተደግፎ ይደርቅ የነበረው የደምለው ታንኳ «ኪ ኪ ኪ!» ብሎ ሳቀ። ምን እንዳሳቀው የጠየቀው የለም።

አጋፋሪ እንደሻው ምራታቸው እያነከሰች ስትመለስ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ እንግዳ በወጉ ካልተቀበሉት ይከፋዋል። ይኼ የኔ ሥራ ነው፤ ለኔ ተዪው፣» አሉና ካባቸውን ደርበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ወረዱ። ወንዱ ዝይ አንገቱን ዘረጋ፣ ክንፉን ከፈተ።

«ሽሽ!»

አጋፋሪ ክው አሉ። ወደ ቤቱ ዞረው ጮኹ፦ «ሰማችሁት? ‹ሽሽ› አለኝ! እኔን! ‹ይሽሹ› ነው እንጂ የሚባለው! ‹ቢሸሹልኝ ደስ ይለኛል› ነው የሚባለው!»

«አባባ፣ ኧረ ይመለሱ!» አለች እንጉዳይ።

«በአንቱታ ካልለመነኝ ንቅንቅ አልልም!»

«ሽሽ!»

«ይሽሹ በል!»

«ሽሽ!»

«ይሽሹ በል እልሃለሁ!»

ጧ! አጋፋሪ ከነካባቸው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። በዕድሜያቸው ያለ ማዕረጋቸው የተቀመጡት ያን ቀን ብቻ ነው። ታንኳው «ኪ ኪ ኪ!» ብሎ ሳቀ። አሁንም የጠየቀው የለም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ደምለው ከገበያ መጣ። ሚስቱ ታነክሳለች። አባቱ ጭቃ በጭቃ ሆነዋል። ውሻው አልጋ ሥር ነው። ደምለው ምንም ሳይጠይቅ ዱላውን አነሳና ወረደ። ወንዱ ዝይ አንገቱን ዘረጋ፣ ክንፉን ከፈተ።

«ሽሽ!»

መቼም ቃሏ ልክክ ብላ የገጠመችው ለደምለው ነው። ወንድ ነው፤ አንድ ነው፤ አንቱ የሚለው የለም። ግን ይኸው ገጠመችና እሷው አናደደችው።

«ማንን ነው ሽሽ የምትለው? አባቴ ሸሽተው አያውቁም! አያቴ ሸሽተው አያውቁም!»

«ሽሽ!»

«ቅድመ አያቴም ሸሽተው አያውቁም!»

ጧ! ዱላው ወደ ደንገሉ በረረ። የደምለው ክንድ እንደ ቅል አበጠ። ታንኳው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀ።

«በቃ!» አለ ደምለው ክንዱን አቅፎ ቤቱ ሲገባ። «ነገ ጧት ጎረቤት ጠርቼ ጎጆዋን አፈርሰዋለሁ፤ እንቁላሉንም እሰባብረዋለሁ።»

«እንዴት ተደርጎ!» አለች እንጉዳይ። «ታቅፋ የተቀመጠች እናት ናት እኮ፤ ምን አድርጋ?»

«ትርንጎስ? እግሯ ወደዚያ ቢወስዳትስ? እኔን እንዲህ ያደረገ ክንፍ እሷን ምን ያደርጋታል?»

 ቀኑን ሙሉ እንጉዳይን ያሰጋት ይኸው ነበር። ፍርሃቷ ግን ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ።

«ጥፋቱ ያንተ ነው! ሽሽ ያለው አንተን ነው፤ ወንድ አንተ ነህ፤ ብትሸሽ ምን ነበረበት?»

«አንቺን ሲመታሽ እኔ የት ነበርኩ? ገበያ!»

«ሁላችሁም ዝም በሉ!» አሉ አጋፋሪ። «ነገሩ የአንቱታ ነው!»

«ነገሩ የሴትና የወንድ ነው አባባ!»

«ነገሩ የወኔ ነው!» አለ ደምለው።

«ትርንጎ ወጣች፣» አለ አይበገሬ። ማንም አልሰማውም። «ትርንጎ በበሩ ወጣች!» አለ። ማንም አልሰማውም። ሦስተኛ ጊዜ መናገሩን ትቶ የእንጉዳይን ቀሚስ በጥርሱ ይዞ ጎተታት።

እንጉዳይ ዘወር አለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ትርንጎ መንገዷን ይዛ ወርዳለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት! ዱብ የለም! ስንት ጊዜ የወደቀች ልጅ፣ ያን ቀን መውደቅ እምቢ አላት!

«ውደቂ!» ብላ ጮኸች እንጉዳይ። ስታጨበጭብላት የከረመች እናት! «ውደቂ የኔ ልጅ! በእናትሽ ውደቂ!» በተመታ እግሯ እያነከሰች ሮጠች። ደምለው ሮጠ። አጋፋሪ ካባቸውን ሰብስበው ሮጡ። አይደርሱም፤ ሩቅ ናት! ትርንጎ ከጎጆው ፊት ደረሰች። ወንዱ ዝይ አንገቱን ዘረጋ፣ ክንፉን ከፈተ፤ ያ የሾለ አጥንት ከግንባሯ ትይዩ ነው።

«ሽሽ!»

ትርንጎ ቆመች። አንተና አንቺ ምን እንደሆኑ ገና አታውቅም። ስለ አንቱታ የነገራት የለም። አባቶቿ ሸሽተው እንደማያውቁም አልሰማችም። ክንፉን አየች፣ ዓይኑን አየች፣ ከኋላው እንቁላሏን አቅፋ የተቀመጠችውን አየች። ያኔ ዱብ! ዘወር አለችና፣ ከመራመድ በፊት በሚገባ በተማረችው በዳዴው፣ በእጅና በጉልበቷ እየተፍጨረጨረች ሸሸች።

ወንዱ ዝይ ክንፉን አጠፈ።

እንጉዳይ ልጇን ከመሬት ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።  ልጇ ተርፋለች፤ እሷ ግን ዓይኗ ደም ለብሷል፤ ድንጋይ አንስታ ወደ ዝዩ አንድ እርምጃ ሄደች። ያን ጊዜ ትርንጎ፣ አፏን ያልፈታችው ትርንጎ፣ በእናቷ ጆሮ ሥር ተናገረች። «እማ» አላለችም። «አባ» አላለችም።

«ሽሽ!» አለች።

እንጉዳይ «ለወንድ ነው» አላለችም። ድንጋዩን ጥላ ሸሸች! ደምለው የአያቱን ስም ሳይጠራ ሸሸ! አጋፋሪም «ይሽሹ» እስኪባሉ አልጠበቁም፤ ካባቸውን ጥለው ከሁሉ ቀደሙ! ቤት ደርሰው ሲያበቁ እንደ ወናፍ እየተነፈሱ አንዱ የሌላውን ፊት አየ።

«ተናገረች!» አለች እንጉዳይ። «ልጄ አፏን ፈታች!» አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። ሐይቁ ማዶ ድረስ ተሰማ።

እልልታው ሲያበቃ የታንኳው ሳቅ ብቻ ይሰማ ነበር። እንጉዳይ ይህን ጊዜ ወደ ዋርካው ሄደች።

«አንተ ታንኳ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስቅህ ምንድን ነው?»

«እሰይ! የሚጠይቀኝ ሰው ተገኘ!» አለ ታንኳው። «ሁልጊዜ ይቀመጡብኛል እንጂ ማን ያማክረኛል? ታንኳ ከመሆኔ በፊት እኮ ደንገል ነበርኩ። ዝይ ሥሬ ሲፈለፈል ነው ያደግሁት፤ ቋንቋቸውን አውቃለሁ። የዚህ ዝይ አያት አንድ ቀን አንድ ዓሣ አጥማጅ ልጁን ‹ሽሽ! ጉማሬ መጣ!› ሲለው ሰማ። ልጁ ሮጠ። ከዚያ ወዲህ ሰውን የሚያስሮጥ ቃል ይኼ ነው ብለው ያስተምራሉ። ‹ሽሺ› አልሰሙም፤ ‹ይሽሹ› አልሰሙም። ያለችው ቃል እሷው ናት፤ ያለችውን ይዞ ለመናችሁ። ‹ሚስቴ ታቅፋለች፤ ከዚህ አትለፉ› ማለቱ ነው። ጫጩቶቹ ሲወጡ ይሄዳሉ።»

በማግስቱ ጧት ደምለው ጎረቤት ጠራ። ጎጆ ለማፍረስ ግን አይደለም። ማጭድ ይዘው ከቤቱ ማዶ ደንገሉን እያጨዱ ወደ ውሃው ሌላ መንገድ አወጡ። እንጉዳይ አሮጌውን መንገድ ትርንጎ እንዳታልፈው በእሾህ አጠረችው። አይበገሬ ቀን ቀን ታስሮ እንዲውል ተወሰነበት፤ እሱም ፈቃዱ ነበር። አጋፋሪ በዘንጋቸው መሬቱን ጫር አድርገው «ከዚህ ወዲያ ማንም አያልፍም» አሉና እዚያው ቆሙ፤ የድሮ ሥራቸው ነውና አማረባቸው። ደምለው ለዕርቅ ቁራሽ እንጀራ ልወርውርላቸው ሲል ታንኳው ከለከለው። «ከለመዱ እስከ በርህ ይመጣሉ፤ ራሳቸውን መመገብ ያውቃሉ፤ ተዋቸው» አለው።

ከአንድ ወር በኋላ ስድስት ጫጩቶች ከሣሩ ወጡ! እናታቸው ከፊት፣ እነሱ በመስመር፣ አባታቸው ከኋላ ሆነው ወደ ውሃው ወረዱ። እንጉዳይ ትርንጎን በእጇ ይዛ ከአጋፋሪ መስመር ወዲህ ቆማ እልል አለች። ወንዱ ዝይ አንገቱን ዘረጋ።

«ሽሽ!»

አጋፋሪም፣ ደምለውም፣ እንጉዳይም፣ ትርንጎም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ዝዩም መንገዱን ቀጠለ።

ተረቱ እስከዚህ ነው፤ ምክሩ ግን አብሯችሁ ወደ ቤት ይግባ። ከልጆቹ ፊት የቆመ ፍጥረት «ሽሽ» ሲላችሁ ለማን ነው ብላችሁ አትጠይቁ። መጀመሪያ ሽሹ፤ ሰዋስው ላይ ቤታችሁ ደርሳችሁ ትጨቃጨቃላችሁ።