የአባ ዲጋ ሦስት ወጥመዶች

በአንድ ወቅት፣ ዝባድ በበሬ ቀንድ ታሽጎ በበቅሎ በሚጓዝበት ዘመን፣ ሊሙ ውስጥ አባ ዲጋ የሚባሉ ጥርኝ አርቢ ነበሩ። ጥርኝ ከድመት ከፍ፣ ከውሻ ዝቅ ያለ ዝንጉርጉር አውሬ ነው። ዝባድ የሚባለው ከወንዱ ጥርኝ ጅራት ሥር የሚጠረገው ቅባት ነው፤ ሽቶ ቀማሚዎች ከሩቅ አገር ድረስ ይፈልጉታል። አባ ዲጋ ወንዶቹን ከጫካ እያስያዙ፣ እያንዳንዱን በየራሱ የእንጨት ማጎሪያ አድርገው፣ እሳት በማይጠፋበት ሰፊ ጎጆ ውስጥ ያኖሯቸው ነበር። ሴቶቹን ግን ወጥመድ ውስጥ ቢያገኟቸውም ይለቋቸዋል። ጫካው ከአባታቸው የወረሱት ነው።

ከወንዙ ማዶ አባ ኦሊ የሚባሉ ሌላ ጥርኝ አርቢ ነበሩ። የሳቸው ጫካ ሳስቷል። የአባ ዲጋን ጫካ በሽማግሌም በዘመድም አስጠየቁ፤ እንቢ ተባሉ። ከዚያ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ከመንደሩ በወጣበት ሰዓት፣ የአባ ዲጋ የጥርኝ ጎጆ በእሳት ተያያዘ።

አባ ዲጋ ከገበያ ቀድመው ተመልሰው ነበር። ጭሱን ሲያዩ የያዙትን ጥለው ሮጡ፤ ማጎሪያዎቹን ሊከፍቱ ገቡ። ጣሪያው ከላያቸው ተደረመሰ። ጎረቤት ደርሶ ሲያወጣቸው እጃቸውና ፊታቸው አይለይም ነበር። ከእንስሳቱ አንድም አልተረፈም። ጥቂት ቀናት ሰነበቱና፣ ነፍሳቸው ከመውጣቷ በፊት ለባለቤታቸው ለአዴ ከዲጃ፣ «ኦሊ ነው። በጓሮ በኩል ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሏቸው።

ሌላ ያየ ሰው የለም። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አባ ኦሊ መሃል ቆመው እጃቸው እንደሌለበት ማሉ። ሽማግሌዎቹ የሟች ቃል ብቻውን አይበቃም ብለው አሰናበቷቸው፤ ይባስ ብለው የአባ ዲጋን ቤተሰብ ደም ላያፈስ አስማሉት። አዴ ከዲጃም ማሉ። ሲምሉ ግን ዓይናቸውን ከአባ ኦሊ ላይ አላነሱም።

የሐዘኑ ጊዜ ሲያበቃ አዴ ከዲጃ ልጆቻቸውን ጠሩ። ሦስት ናቸው፤ ታላቁ ተማም፣ መካከለኛው ነጂብ፣ ታናሺቱ ሩቂያ። ባላቸው በዕቃ ቤቱ የተዉትን ሁሉ ወደ ደጅ አውጥተው ሣሩ ላይ ዘረጉት። ከቃጫ የተሠራ መረብ አለ። የጉድጓድ መቆፈሪያ ዶማና አካፋ አለ። ጥርስ ያለው ከባድ የብረት ወጥመድም አለ፤ አባ ዲጋ ለጅብ ብለው አምጥተውት፣ እግር ሰባብሮ ስለሚጥል ለጥርኝ አንድ ቀን እንኳ ያልተጠቀሙበት ነው።

«ስሙኝ» አሉ አዴ ከዲጃ። «ደም እንዳናፈስ ምለናል። ግን ያ ሰው በጥርኝ ምክንያት አባታችሁን አቃጥሎ፣ ዛሬም ማዶ ተቀምጦ ዝባዱን እየጠረገ ነው። የጎጆው ሥፍራና ጫካው ለሁለት አይከፈልም፤ አባታችሁም ከአባቱ ብቻውን ነው የተረከበው። ቂሜን የሚወጣልኝ ልጄ ይውሰደው። እንደየአሳባችሁ ወጥመድ ምረጡ።»

ተማም ዶማውን አነሳ። ነጂብ ብረቱን አነሳ። ለሩቂያ መረቡ ቀረላት፤ እሷ ግን «ብመርጥም እሱን ነበር» አለች።

ቀድማ የተንቀሳቀሰችው ሩቂያ ናት። መረብ ጥርኝን ሳይጎዳ፣ ጠጉሩን እንኳ ሳያጎድል የሚይዝ ወጥመድ ነው። እሷ ግን ጤነኛ አልፈለገችም። በጫካው ዳር ከቀን ወደ ቀን ስትጠብቅ ሰንብታ፣ ጆሮው ሥር እከክ የጀመረው አንድ ትልቅ ወንድ ጥርኝ አገኘች። መረቡን በመንገዱ ላይ ወጥራ፣ የበሰለ ሙዝ አስቀምጣ ያዘችው። እከኩን በቅቤና በአመድ አሽታ ሸፈነችው። ከዚያ በማጎሪያ አድርጋ፣ በአህያ ጭና፣ በጠራራ ፀሐይ ወንዙን ተሻግራ አባ ኦሊ ደጅ ቆመች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አሏት አባ ኦሊ።

«እኛ ከእንግዲህ ጎጆ የለንም። ይህን ለእርስዎ አመጣሁልዎ። በመካከላችን ያለው ነገር እንዲበርድ ነው።»

አባ ኦሊ ጥርኙን ዞረው ዞረው አዩት። እንዲህ ያለ ትልቅ ወንድ በሳቸው በኩል ከታየ ቆይቷል። «እናትሽ ልካሽ ነው?»

«እናቴ እንደመጣሁ አታውቅም።»

«ከአባትሽ ይልቅ አንቺ ብልህ ነሽ» አሉ አባ ኦሊ ፈገግ ብለው፤ እንስሳውንም ወደ ሞቃቱ ጎጆ አስገብተው ከሌሎቹ መካከል አኖሩት። ሩቂያ አህያዋን ይዛ ተመለሰች። ወንዙን እስክትሻገር ድረስ ጥርሷን ነክሳ ሄደች፤ ከተሻገረች በኋላ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እከኩ ከማጎሪያ ወደ ማጎሪያ ተላለፈ። የአባ ኦሊ ጥርኞች ራሳቸውን እያከኩ ጠጉራቸው ረገፈ፤ መብል ተዉ፤ ዝባዳቸውም ነጠፈ። አንድ በአንድ ሞተው፣ ክረምቱ ሳይወጣ ጎጆው ባዶ ቀረ።

የተማም ነገር ሌላ ነው። ጥርኝ መንገዱን አይለውጥም፤ የሚጸዳዳበት ቦታ እንኳ አንድ ነው፤ ይህን የጫካ ሰው ሁሉ ያውቃል። ተማም ጉድጓድ የመረጠው ለዚህ ነው። ጥርኝ በሚመላለስባቸው መንገዶች ሁሉ፣ በራሳቸው ጫካም በአባ ኦሊም ወገን፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ከታቹ የሾለ እንጨት ተከለ፤ ከላይ በጭራሮና በቡና ቅጠል ሸፈነው። በየማለዳው እየዞረ የወደቀውን ያወጣል፤ በሕይወት ያገኘውንም በቆመጥ ይመታል። ወንድ አልለየም፣ ሴት አልለየም። ጡቷ ወተት የሞላም ነበረችበት።

አንድ ጠዋት እናቱ የተከመሩትን ቆዳዎች አዩ። «አባትህ ሴቷን ይለቅ ነበር» አሉት።

«አባቴንስ ማን ለቀቀው?» አለ ተማም፤ ዶማውን ይዞ ተመልሶ ወጣ።

አባ ኦሊ የሞቱባቸውን ለመተካት ሰዎቻቸውን ወደ ጫካ ላኩ። ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እንደገና ላኩ፤ እንደገና ባዶ። ዝባድ ለማስረከብ ቃል የገቡለት ነጋዴ መጥቶ ደጃቸው ላይ ሰው እየሰማ አዋረዳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ መውጣት ተዉ።

ነጂብ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆየ። ብረቱን እያሸ፣ ቅባት እየቀባ ይቀመጣል እንጂ የትም አልሄደም። ወንድሙ «ፈራህ እንዴ?» ሲለው እንኳ ማሸቱን ቀጠለ። እሱ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። ተማም ያልደረሰበት አንድ ቦታ ቀርቷል፤ ከራሳቸው ጫካ መሃል፣ ምንጩ አጠገብ ያለ ጥቅጥቅ ያለ ሥፍራ። ከእልቂቱ ያመለጡት ጥቂት ጥርኞች የተሸሸጉት እዚያ ነው። አባ ኦሊም ጫካ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ሲጨንቃቸው ወዴት እንደሚመጡ ነጂብ ገምቷል። ብረቱን ወደ ምንጩ በሚያስገባው ጠባብ መንገድ ላይ ከፍቶ፣ ቅጠል አልብሶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ።

ሰንብቶ አንድ ማለዳ አባ ኦሊ ከአንድ አሽከራቸው ጋር፣ መረብ በትከሻቸው አድርገው መጡ። ብረቱ ሲገጥም የተሰማው ድምፅና የሰውየው ጩኸት አንድ ሆነ። አሽከሩ ሊያስለቅቃቸው ታገለ፤ ነጂብ ከዛፉ ሥር ብድግ ብሎ፣ «ለብቻህ አትችለውም። ሂድ ሽማግሌዎቹን ጥራ» አለው። አሽከሩ ሮጠ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ነጂብ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«ክፈትልኝ!» አሉ አባ ኦሊ።

«ጎጆውን ማን አቃጠለው?»

«አላውቅም!»

«እኔም ይህ ነገር እንዴት እንደሚከፈት አላውቅም።»

አባ ኦሊ ለመኑት፤ ቀጥለው ሰደቡት። አሽከሩ ሽማግሌዎቹንና መንደርተኛውን ይዞ ሲደርስ ነጂብ እጁን ብረቱ ላይ እንኳ አላሳረፈም ነበር። አባ ኦሊ ፊታቸው አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ። እንስሳቱ እንዲሞቱ እንጂ ዲጋ ይገባል ብዬ አላሰብኩም።»

ያን ጊዜ ነጂብ ብረቱን ከፈተ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በብረት የወጣ ቃል ቃል አይደለም ብለው ተከራከሩ። ነገር ግን አባ ኦሊ ቤታቸው ተኝተው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ያንኑ ደግመው ተናገሩ። በሐሰት መማላቸውንም አመኑ። የማዶው ጫካቸው ለሟች ቤተሰብ በካሳ እንዲሰጥ ተፈረደ። እግራቸው ግን አልዳነም፤ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ፤ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘመዶቻቸው አገር ወሰዷቸው። አዴ ከዲጃ መንገድ ዳር ወጥተው ሲያልፉ ተመለከቷቸው። ለቅሶ የጠበቀ ሰው ለቅሶ አላየም፤ እልልታ የጠበቀም እልልታ አልሰማም። ቃሬዛው ከዓይን እስኪሰወር ቆመው ቆዩና፣ «የእጁን አገኘ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

አሁን የውርሱ ጉዳይ ቀረ። መንደርተኛው ተሰብስቦ ሦስቱ ልጆች ቆሙ።

ሩቂያ፣ «እኔ የኦሊን ጎጆ ባላራቁተው ኖሮ ሰውየው ወደ ጫካ ምን ያመጣው ነበር? እቤቱ ተቀምጦ ዝባዱን ይጠርግ ነበር። መሐላችንንም አልጣስኩም፤ የሰው ደም አላፈሰስኩም» አለች።

ተማም ሳቅ አለ። «የሞቱበትን በሳምንት ይተካቸው ነበር። እንዳይተካ መንገዱን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። አንቺ በዕርቅ ስም በሽታ ወስደሽ ሰጠሽ፤ ነገ ከዚህ ቤት የመጣ ስጦታ ማን ይቀበላል? እኔ የሠራሁትን የሠራሁት በግልጽ ነው።»

«በግልጽ ጨረስካቸው» አለ ነጂብ። «የምትወርሰውን ጫካ አንተው ባዶ አደረግኸው። ጥርኝ ሞተ፤ ነጋዴ ተቆጣ፤ ታዲያ የአባቴ ስም በዚህ ጠራ? ሟች ዋሽቷል ሲባል አልነበረም ወይ? እውነቱን ከዚያ ሰው አፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ከአፉ ብቻ አይደለም ያወጣኸው» አለችው ሩቂያ። «እናቴ የማለችው መሐላ በአንተ ፈረሰ።»

«ብረቱን በራሳችን መንገድ ላይ ነው ያኖርኩት። ሌባ ሆኖ የመጣው እሱ ነው።»

ተማምም ነጂብን፣ «እኛ ሰውየውን ስናደክምልህ ተቀምጠህ ቆይተህ የደረሰውን ለቀምክ» አለው።

አዴ ከዲጃ ሦስቱንም አዳመጡ። ቂማቸውን የሚወጣላቸው ልጅ ይወርሳል ብለው ቃል ሲሰጡ፣ ሦስቱም ይወጡታል ብለው አላሰቡም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። አንዱ የጀመረውን አንዱ አፈረሰ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ጫካውን መልሶ የሚያለማ ማን እንደሆነ ይታይ አለች፤ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ነገሩ የቂም እንጂ የልማት አይደለም ብሎ ጮኸባት። ከብት ወደ በረት ሲገባ ክርክሩ ገና ትኩስ ነበር።

ሦስቱ ልጆች እስካሁን እናታቸው ፊት ቆመዋል። አንዷ ጠላትን አራቆተች፤ አንዱ መውጫ አሳጣው፤ አንዱ አናዘዘው። አንዷ ዋሸች፤ አንዱ የራሱን ጫካ አወደመ፤ አንዱ ደም አፈሰሰ። እኔ ከዚህ ወዲያ የምጨምረው ቃል የለኝም፤ ፍርዱ ለእናንተ ለሰማችሁት ነው። አዴ ከዲጃ ከሦስቱ ለማን ያውርሱ? የጎጆው ሥፍራና ጫካው የሚገባው ለማን ነው?